የሐይቅ ጀልባ ኮምቦልቻ ላይ፦ የቀፎ እድሳትና የቀለም ሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 8

ጀልባዋ ትናንት አመሻሽ ላይ በአይሱዙ ተጭና ኮምቦልቻ ደረሰች። ባለቤቶቿ ሐይቅ ተብሎ በሚጠራው የወሎ ሐይቅ ዳር ዓሣ በማስገር የሚተዳደሩ ስድስት ሰዎች ሲሆኑ፣ ከሐይቅ ከተማ ተነሥተው ደሴን አልፈው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘዋት የወረዱት ደሴ ላይ ብረት የሚሠራ ሰው ጠፍቶ አይደለም። እኔ የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ደግሞ ኮምቦልቻ በመሆኑ የሁለቱን ከተሞች አየር በየቀኑ አነጻጽራለሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከ1,850 ሜትር ብዙም አትርቅም፤ ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖ እስከ ረፋድ ድረስ በማይገለጥበት ቀን ደሴ ላይ ብረት ለመቀባት የሚነሣ ሰው ቀለሙን የሚቀባው ብረቱ ላይ ሳይሆን ውኃ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ እንዲያመጧት የመከርኋቸው እኔ ነኝ።

ጀልባዋ 6 ሜትር ርዝመትና 1.6 ሜትር ስፋት አላት፤ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ አፍንጫዋ ቀና ያለ፣ ቀፎዋም ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተበይዶ የተሠራ ነው። ሥራዋ መረብ መጣልና ማንሣት፣ አልፎ አልፎም ሰው ማሻገር ነው። ባለቤቶቹን ወክለው አብረው የመጡት ሰው ጀልባዋ ከመኪናው ሳትወርድ ነበር ጉዳያቸውን ያስቀደሙት። «ወንድሜ፣ እኛ የምንፈልገው ያንን ቀይ የመርከብ ቀለም ነው፤ አረንጓዴውን ነገር የሚገድለውን። ወላሂ ዘንድሮ ሞተሩ ነዳጅ ሲበላ ነው የከረመው» አሉኝ። ቀፎውን ሳላይ ስለ ቀለም እንደማልነጋገር ነግሬ፣ «አብሽር፣ የተሻለውን እናደርጋለን» ብዬ ሸኘኋቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ለዚህ ሥራ የተመቹ ወራት ናቸው፤ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ጨርሰን ውኃ ላይ ልናወርዳት ይገባል።

ኅዳር 9

ዛሬ ጀልባዋን በአራት የብረት መቆሚያዎች ላይ አሳርፈን፣ በክሪክ እያነሣን ሆዷን ለማየት ቻልን። የመጀመሪያው ነገር መታጠብ ነው፤ ይሁን እንጂ ከመታጠቧ በፊት የበቀለባት ነገር የት የት እንዳለ በወረቀት ላይ ስዬ ያዝኩ፤ ይህን በማድረጌም አልተጸጸትኩም። አረንጓዴው ጢም የበቀለው በውኃው ልክ መስመር ላይ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚሆን ቀበቶ ውስጥ ብቻ ነበር። ከዚያ በታች፣ ጎኑ ወደ ሆዱ በሚታጠፍበት ቦታ ጢሙ ይሳሳና ቡናማ ዝልግልግ ይተካዋል፤ የሆዷ መካከል ደግሞ ራቁቱን ነበር ለማለት ይቻላል። አልጌ ብርሃን የሚፈልግ በመሆኑ የጀልባዋ ጥላ ከሚያርፍበት ሆድ ይልቅ ፀሐይ የሚያገኘውን ጎን መምረጡ የሚጠበቅ ነው። አንድም ባለ ቅርፊት ነገር አላገኘሁም።

ጢሙ ደርቆ ስለመጣ መፋቁ አድካሚ ሆነ። ጀልባዋ ከውኃ በወጣችበት ሰዓት፣ ገና እርጥብ ሳለ፣ በእንጨት መፋቂያ ቢፋቅ ኖሮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር፤ አሁን ግን ሁለት ሰው ሙሉ ቀን ወሰደበት። ይህን ጭኖ የመጣው ሰው ሊያውቀው አይችልም፤ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ኅዳር 10

ከውጪው ይልቅ ያስቸገረን የውስጡ ክፍል ነው። ወለሉ ላይ የተነጠፉትን እንጨቶች ስናነሣ የዓሣ ቅባት፣ ቅርፊትና ጭቃ አንድ ላይ የረጋበት ጥቁር ነገር አገኘን፤ ሽታውን ጎረቤት ያለው ጎሚስታ ሳይቀር ሲያማርር ዋለ። ብዙ ሰው ቅባቱን «በግራይንደር ይጠፋል» ብሎ ይዘልለዋል፤ ነገር ግን የሚሽከረከረው ድንጋይ ቅባቱን አያጠፋውም፣ በብረቱ ጭረቶች ውስጥ አሽቶ ያስገባዋል እንጂ። ስለዚህ በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና ሁለት ጊዜ ካጠብን በኋላ በንጹሕ ውኃ ደጋግመን አለቀለቅን። የመንጻቱ ማረጋገጫ ቀላል ነው፤ ንጹሕ ውኃ ሲረጭበት ሳይቋረጥ እንደ መስታወት ከተዘረጋ ቅባት የለም፣ ውኃው እየሸሸ ጠብታ ጠብታ ከሆነ ግን ቅባቱ ገና አለ። በመጨረሻው ማዕዘን ላይ፣ የሞተሩ ሰሌዳ ባለበት በኩል፣ ሦስተኛ ጊዜ ማጠብ ግድ ሆነብን።

ኅዳር 12

ዛሬ መዶሻ ይዘን ቀፎውን እያንኳኳን ዋልን። አብረውኝ የሚሠሩት አዛውንት በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ጀልባ ሲያድሱ የኖሩ ናቸው፤ ጆሯቸውን ወደ ላሜራው ዘንበል አድርገው በትንሿ መዶሻ እየመቱ ሲሄዱ ድምፁ ከጥሩው ወደ ደካማው ሲለወጥ እኔ ሳልሰማው እርሳቸው ይቆማሉ። ደኅናው ላሜራ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የሳሳው ደግሞ እንደ ተሰነጠቀ ገል ይታፈናል። ከኋላ በኩል፣ በቀኝ ማዕዘን፣ የወለሉ እንጨት ሥር ያረፈበት ቦታ ሲመታ መዶሻዋ ገባች። የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተ፤ ዙሪያውን በጣቴ ስጫነው ዝገቱ እንደ ቂጣ ቅርፊት በድርብርብ ተነሣ።

ትኩረት የሚሻው ይህ ነው፦ ቀዳዳው የተፈጠረው ከውጪ ወደ ውስጥ ሳይሆን ከውስጥ ወደ ውጪ ነው። በውጪው በኩል አሮጌው ቀለም እዚያው ቦታ ላይ ሙሉ ለሙሉ ነበር፤ ብረቱን የበላው ወለሉ ሥር ለወራት ሳይፈስ የተኛው ውኃና የዓሣው ቆሻሻ ነው። በአካባቢው ሦስት ቦታ በትንሽ መብሻ በስተን በካሊፐር ስንለካ 1.4፣ 1.7 እና 2.1 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከ3 ሚሊ ሜትር ተነሥቶ እዚህ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደወሰደበት ባለቤቶቹም አያውቁም፤ ጀልባዋን የገዙት አገልግሎት ላይ እያለች ነው።

«ጋሼ፣ አሰብ ላይም እንዲህ ነበር?» ስል ጠየቅኋቸው።

«እዚያማ ጨው ነው ልጄ፤ በሁለቱም በኩል ነበር የሚበላው። እዚህ ግን ባለቤቱ ራሱ ነው የሚያስበላው፤ ውኃውን ሳይቀዳ ይሄዳል» አሉኝ።

ኅዳር 15

የሳሳውን ቦታ 40 በ60 ሴንቲ ሜትር አድርገን ቆርጠን አወጣንና በ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተካነው። ማዕዘኖቹን በቀኝ ማዕዘን ሳይሆን አክብበን ቆረጥናቸው፤ ሹል ማዕዘን ላይ የብየዳው ውጥረት ስለሚጠራቀም ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መብራት ሁለት ጊዜ በመጥፋቱ የግማሽ ቀን ሥራ ቀን ተኩል ፈጀ። በዚሁ አጋጣሚ ከኋላ በዝቅተኛው ቦታ ላይ ባለ ጥርስ የብረት መዝጊያ በየድንበት፤ ጀልባዋ ወደ ዳር ስትወጣ መዝጊያው ይፈታና ውስጧ የቀረው ውኃ በሙሉ ይወርዳል። ከዚህ ሁሉ ሥራ ዕድሜዋን ከሁሉ በላይ የሚያረዝመው ይህ መዝጊያ እንደሆነ እገምታለሁ።

ኅዳር 19

አራት ቀን ሙሉ ዝገት ማንሣት ነበር። ብረትን ለቀለም ለማዘጋጀት የተሻለው መንገድ በአየር ግፊት አሸዋ መርጨት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለውኃ ውስጥ ቀለም የሚመከረው ደረጃም ኤስኤ 2½ የሚባለው፣ በርጭት ብቻ የሚደረስበት ነው። ሆኖም የወንዝ አሸዋ በግቢ ውስጥ መርጨት ሲሊካ ያለበትን አቧራ ወደ ሳንባ የሚያስገባ፣ ሳይመለስ የሚቀር ጉዳት የሚያስከትል ሥራ በመሆኑ ግቢዬ ውስጥ አልፈቅደውም። በእጅ መሣሪያ ከሚገኙት ደረጃዎች ከፍተኛውን፣ ኤስቲ 3 የሚባለውን፣ ግብ አድርገን ሠራን።

በሽቦ ብሩሽ ብቻ መሥራት ግን ያታልላል። የሚሽከረከረው ሽቦ ዝገቱን አልሶ ያብለጨልጨዋል፤ የሚያበራ ብረት ዓይንን ደስ ቢያሰኝም ቀለም የሚይዝበት ሻካራነት የለውም። ስለዚህ ሽቦው ካለፈ በኋላ ቁጥር 40 እና 60 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ ሄድንበት። በጣት ጫፍ ሲዳሰስ እንደ ድመት ምላስ መሆን አለበት። አሮጌው ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችልም ደኅና ሆኖ የቆየውን ክፍል በደረቁ ሳይሆን ውኃ እያራስን በእጅ አሸነው፤ ጭቃውንም ሰብስበን በጆንያ አሠርን እንጂ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው ቦይ አልለቀቅነውም።

የላሜራውን ጠርዞችና የብየዳውን ጉብታዎች በሙሉ አለዘብናቸው። ቀለም ሹል ጠርዝ ላይ አይቆምም፤ ፈሳሹ ራሱን እየሳበ ከጠርዙ ይሸሻል፣ ሲደርቅም እዚያ ላይ ቀጭን ሆኖ ይቀራል፤ ዝገትም በዚያው ይገባል።

ኅዳር 21

ዛሬ የባለቤቶቹ ወኪል ስለ ቀዩ ቀለም ለመነጋገር ተመልሰው መጡ። ጉዳዩ ቀላል ስላልሆነ ያልኳቸውን ዘርዘር አድርጌ መጻፍ ፈለግሁ፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌላም ሰው ሁለት ጊዜ ደርሶኛል።

የመርከብ ሰዎች አንቲፋውሊንግ የሚሉት ቀለም ብረትን ከዝገት የሚጠብቅ ቀለም አይደለም። ሥራው ሕይወት ያለው ነገር ቀፎው ላይ እንዳይጣበቅ ማድረግ ሲሆን፣ ይህንንም የሚያደርገው መርዝ ቀስ በቀስ ወደ ውኃው በመልቀቅ ነው። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ዓይነት የመዳብ ኦክሳይድ የያዘ ነው። በባሕር ውኃ ውስጥ ባርናክል የሚባል፣ ቅርፊቱን እንደ ሲሚንቶ ብረት ላይ የሚተክል ትንሽ እንስሳ አለ፤ እርሱና መሰሎቹ የሰፈሩበት መርከብ በውኃው ውስጥ የሚገጥመው መጎተት ስለሚጨምር ነዳጁ ይንራል። ለዚያ ጠላት መዳቡ ተገቢ መሣሪያ ነው። ሐይቅ ግን የጨው ውኃ አይደለም፤ ባርናክልም የለበትም። እኛ ያገኘነው 20 ሴንቲ ሜትር ቀበቶ ላይ የበቀለ፣ እርጥብ ሳለ በስፖንጅ የሚጠረግ አልጌ ነው።

መዳቡ ቀለሙን ትቶ ካልወጣ አይሠራም፤ ይህን የሚያሳይ አንድ የቆየ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1824 ሀምፍሪ ዴቪ የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት የእንግሊዝ መርከቦች ሆድ የተለበጠበት መዳብ በባሕር ውኃ እንዳይበላ ለመከላከል ብረትና ዚንክ አያያዘበት። መዳቡ በእርግጥም መበላቱን አቆመ፤ ነገር ግን ሳይበላ የቀረው መዳብ መርዙን መልቀቁንም ስላቆመ መርከቦቹ በባሕር እንስሳትና በአረም ተሸፈኑ። እንግዲህ ይህን ቀለም የሚቀባ ሰው መዳቡ እንዲሟሟለት ፈልጎ እየቀባ መሆኑን ማወቅ አለበት።

የሟሟው ወዴት ይሄዳል? ባሕሩ ሰፊ ነው፣ ይነቃነቃል፤ ያም ሆኖ ችግር አልጠፋም። የመዳቡ ቀለም ዛሬ እንዲህ ከመብዛቱ በፊት ተወዳጅ የነበረው ትሪቢዩቲልቲን የተባለ የቆርቆሮ ውሕድ የፈረንሳይን የኦይስተር እርሻዎች ክፉኛ ስለጎዳ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1982 በትናንሽ ጀልባዎች ላይ ከለከለችው፤ ዓለም አቀፉ የባሕር ጉዞ ድርጅትም በ2001 ባጸደቀውና በ2008 ሥራ ላይ በዋለው ስምምነት ከመርከቦች ሁሉ አስወገደው። ሐይቅ ደግሞ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የሌለው የተዘጋ ውኃ ነው። የአንኳርካ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ግን የለም። የገባበት መዳብ ደለሉ ላይ ይተኛል እንጂ አይሄድም።

ሒሳቡንም አብረን ሠራነው። የጀልባዋ ውኃ ውስጥ የሚቀመጠው ገጽታ 12.5 ካሬ ሜትር ነው፤ ይህም 125,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቀለሙ በቀን በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ማይክሮ ግራም መዳብ ቢለቅ በቀን 1.25 ግራም፣ በዓመት ደግሞ 450 ግራም ገደማ ይወጣል። ለአንዲት ጀልባ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ የቀረው መዳብ ማለት ነው፤ ጀልባዎቹ ሁሉ ቢቀቡ ደግሞ ያባዙት። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወደዚህ ውኃ ከገባ ጀምሮ የእነዚህ ሰዎች እንጀራ ሆኗል፤ የሚበላውም አልጌ ነው። አልጌን ለመግደል መርዝ መግዛት ከዓሣው መሶብ ላይ እንጀራ እንደ ማንሣት ይቆጠራል።

ሰውዬው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እሺ፣ ይሄ ሁሉ ባይሆንስ፣ ቀለሙ ይበረክታል ወይ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ከእኔ ክርክር ይልቅ ጉዳዩን ወደ ሥሩ ያወረደ ነበር። አይበረክትም። ሐይቅ ዳር መቆሚያ መድረክ የለም፤ ጀልባዋ ማታ ማታ በጠጠርና በድንጋይ ላይ እየተጎተተች ትወጣለች። አብዛኛው አንቲፋውሊንግ ለስላሳ ሆኖ እየተፋቀ የሚያልቅ ቀለም በመሆኑ ድንጋዩ በአንድ ሳምንት ይልሰዋል፤ ጠንካራው ዓይነትም ቢሆን በየቀኑ ከውኃ ወጥቶ ሲደርቅ ጉልበቱን ያጣል። ከሥሩ ያለው መከላከያ ከተጫረ ደግሞ መዳቡ ከብረቱ ጋር በውኃ ውስጥ ተገናኝቶ ዝገቱን ያፋጥነዋል። አላርም የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1761 በመዳብ ተለብጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመረመር መዳቡን የነካው የብረት ምስማር ተበልቶ የተገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ቀፎው ውስጡም ውጪውም ኢፖክሲ በተባለ፣ ከማጠንከሪያ ጋር ተበጥብጦ በሚጠነክር ቀለም ይሸፈናል፤ አንቲፋውሊንግ አይቀባም፤ በምትኩ በየሁለት ሳምንቱ ጀልባዋ እርጥብ እንደሆነች በስፖንጅ ይጠርጓታል። ለቀዩ ቀለም ያሰቡትን ገንዘብ ለውስጡ ክፍል ሦስተኛ ድርብ እናውለዋለን።

ኅዳር 23

የቀለሙን መጠን ማስላት። የውጪው ገጽታ 18፣ የውስጡ 17 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የገዛነው ኢፖክሲ ከመቶው 80 እጁ ሲደርቅ የሚቀር ጠጣር ስለሆነ አንዱ ሊትር በ125 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የደረቀ ውፍረት 6.4 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ግቤ 250 ማይክሮን ነው። በሮለር ላይ የሚቀረውንና የሚባክነውን 30 በመቶ አድርጌ ስይዝ 15.6 ሊትር ወጣ፤ ለጠርዞቹ የሚሆነውንም ጨምሬ ባለ 5 ሊትር አራት ጥንድ ወሰድኩ። እያንዳንዱ ጥንድ 4 ሊትር ቀለምና 1 ሊትር ማጠንከሪያ ነው። አንደኛውን ድርብ ግራጫ፣ ሁለተኛውን ነጭ፣ ሦስተኛውን እንደገና ግራጫ አደረግነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆን የተዘለለው ቦታ ስለማይታይ ነው።

ኅዳር 25

የመጀመሪያው ድርብ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አየሩ 12 ዲግሪ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለው ቴርሞሜትር 11 ዲግሪ ነበር፤ ከዚህ የሚወጣው የጤዛ ነጥብ፣ ማለትም አየሩ እርጥበቱን ጤዛ አድርጎ መጣል የሚጀምርበት ሙቀት፣ ከ10 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል። ሌሊቱን ሜዳ ላይ ያደረው ላሜራ ደግሞ ገና 10 ዲግሪ ነበርና እጄን ሳሳርፍበት መዳፌ ራሰ። ብረቱ ከጤዛው ነጥብ ቢያንስ 3 ዲግሪ በልጦ ካልሞቀ ቀለም አይነካም፤ ይህ ደንብ የማይታየውን እርጥበት ስለሚጠብቅ ዓይን «ደርቋል» ቢልም አይታለፍም። 4 ሰዓት ላይ አየሩ 18፣ እርጥቡ 14፣ የጤዛው ነጥብ 12 ገደማ፣ ላሜራው 19 ሲሆን ጀመርን።

በመጀመሪያ በብሩሽ ጠርዞችን፣ የብየዳ መስመሮችንና የመዝጊያውን ዙሪያ ለብቻቸው ቀባን፤ ከዚያ ሮለሩ ተከተለ። አንዱን ጥንድ ሙሉውን በአንድ ባልዲ በመበጥበጤ ከሩብ ሰዓት በላይ ሳይቆይ ባልዲው እጅ ማቃጠል ጀመረ። ኢፖክሲ ተከማችቶ ሲቀመጥ የራሱ ሙቀት ራሱን ያፋጥነዋል። ወዲያው ወደ ሰፊ ትሪ ገለበጥነውና ተረፈ። ከዚያ በኋላ ያለውን በሊትር በሊትር እየለካን በጠበጥን።

በማበጠሪያ መሰሉ መለኪያ እርጥቡን ቀለም ስለካ 100 ማይክሮን ብቻ አገኘሁ፤ ሲደርቅ 80 ይሆናል ማለት ነው። ሮለር በአንድ ጊዜ ከዚህ የበለጠ አይሸከምም። ሁለት ድርብ ብለን ብናቆም ኖሮ ግባችን ላይ አንደርስም ነበር።

ኅዳር 26

የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ስለሆነ ከባለቤቶቹ ሁለቱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሄደዋል፤ ሌሎቹም ዓሣ አልወጡም። እኛም ቀለሙ እስኪጠነክር ድረስ አልነካነውም።

ኅዳር 28

ጥፋቱ የእኔ ነው። ትናንት ሌላ ሥራ ይዞኝ ሁለተኛውን ድርብ የጀመርነው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ነበር። አዛውንቱ፣ «ልጄ፣ ነገ አይሻልም?» ሲሉኝ፣ «ግድ የለም ጋሼ፣ እንጨርሰዋለን» አልኩ፤ ጨርሰንም ሸራውን ሳንዘረጋ ወደ ቤታችን ሄድን። ሌሊቱን ጤዛ ወረደበት። ዛሬ ጠዋት ነጩ ቀለም ፊቱ ደብዝዞ፣ ሲነካ ቅባት ቅባት የሚል ስስ ሽፋን ለብሶ አገኘሁት። ይህ የሚሆነው ማጠንከሪያው ሳይያያዝ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ በገጹ ላይ ስለሚወጣ ነው። ከላዩ ቀለም ቢቀባ አዲሱ ድርብ እንደ ፖስታ ወረቀት ተልጦ ይነሣል።

ለብ ባለ ውኃና በስፖንጅ ሁለት ጊዜ አጠብነው፤ ውኃው ወተት መሰለ። ከዚያም ሙሉውን በቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት አሸነው። ሁለት ቀን አለፈብን። ስፖንጁ ሳያልፍ ብርጭቆ ወረቀት ማስቀደም ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው፤ ቅባቱን መልሶ ይቀብረዋልና። ኅዳር 10 ላይ የጻፍኩትን ራሴው ዘነጋሁት ማለት ነው።

ታኅሣሥ 2

ሦስተኛው ድርብ በ5 ሰዓት ተጀምሮ በ8 ሰዓት አለቀ፤ በ10 ሰዓት ሸራው ተዘርግቷል። ምንም የሚጻፍ ነገር የለውም።

ታኅሣሥ 4

ከውኃው ልክ መስመር በላይ ያለው ክፍል ፖሊዩሬቴን የተባለ ፀሐይ የሚችል ቀለም ተደረበበት። ኢፖክሲ ለውኃ ብርቱ ቢሆንም ፀሐይ አይችልም፤ ፊቱ እንደ ጠመኔ ዱቄት ይሆናል፣ በዚህ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ ደግሞ ምሕረት የለውም። ቀለሙን ባለቤቶቹ ሰማያዊ አሉ፤ ሰማያዊ ሆነ።

ከቀፎው ኋላ የሚታሠረውን፣ በቀፎው ፈንታ እየተበላ ከዝገት የሚጠብቀውን መሥዋዕት ብረት በተመለከተ ጥቂት ተንገላታሁ። በባሕር ላይ ዚንክ ይታሠራል፤ ጨው በሌለው ውኃ ግን ዚንኩ በራሱ ሽፋን ይታፈንና ሥራ ያቆማል፤ ለዚህ የሚሆነው ማግኒዥየም ነው። ኮምቦልቻም ደሴም ለጀልባ ተብሎ የተሠራ አላገኘሁም። መፍትሔው ከመታጠቢያ ቤት መጣ፦ የውኃ ማሞቂያ ቦይለር ውስጥ ጋኑን ከዝገት የሚጠብቀው ዘንግ ማግኒዥየም ነው፤ መለዋወጫውም የሳኒተሪ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ይገኛል። የዘንጉን የብረት እምብርት በቀፎው ላይ በተበየደ ጆሮ ላይ በቡሎን አሠርነው። የመገናኛው ቦታ ራቁት ብረት ሆኖ እንዲቀር አድርጌአለሁ፤ ዘንጉንም ቀለም እንዳይነካው በፕላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ቀለም የተቀባ መሥዋዕት አይበላም፤ ካልተበላም አይጠብቅም።

ታኅሣሥ 16

ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለነበር ከሳምንት ይልቅ አሥራ ሁለት ቀን አቆየናት። ጥፍሬን ተጭኜ ሞከርኩ፤ አልገባም። በቲነር የራሰ ጨርቅም ሳሽበት ቀለም አላነሣም። ዛሬ ሐይቅ ዳር ደረሰች፤ ፕላስቲኩን ከዘንጉ ላይ አንሥተን ስድስቱም ተጋግዘው አወረዷት። የወሰድኩላቸው ሁለት ያረጁ የመኪና ጎማዎች ነበሩ፤ ጀልባዋ ስትወጣና ስትወርድ በድንጋይ ላይ ሳይሆን በጎማዎቹ ላይ እንድትንሸራተት ነው። አንደኛው ሰው ሳቅ ብሎ፣ «አልጋ ነው እንዴ የሠራህላት?» አለኝ።

ጥር 18

ከአንድ ወር በኋላ ለማየት ሄድኩ። ዳር ላይ ሳለች እርጥብ እንደሆነች አገላብጠን ተመለከትናት። በውኃው ልክ መስመር ላይ ስስ አረንጓዴ ዝልግልግ ነበር፤ በስፖንጅ ስጠርገው በአንድ ምት ወጣ፣ ከሥሩም ሰማያዊውና ግራጫው ቀለም ሳይደበዝዝ ታየ። ጢም ገና አልበቀለም፤ በየሁለት ሳምንቱ እንደሚጠርጓት ነግረውኛል፣ አንድ ጊዜ ግን እንደዘለሉ ሳይደብቁ አመኑ። የማግኒዥየሙ ዘንግ ፊቱ ሻክሮ ነጭ ዱቄት አውጥቷል፤ እየሠራ ነው።

ከአፍንጫዋ ሥር የክንድ ርዝመት የሚሆን ጭረት አገኘሁ። ጎማዎቹን ለበሬ መኖ ማቅረቢያ ወስደዋቸዋል። ጭረቱ ከሦስቱ ድርቦች የላይኛውን አልፎ ነጩ ላይ ቆሟል፤ ብረቱ አልታየም። ይዤው የሄድኩትን የተረፈ ኢፖክሲ በጥብጬ፣ ቦታውን አሽቼና አድርቄ ሸፈንኩት።

በመጨረሻ የወለሉን እንጨት አንሥቼ የኋላውን ቀኝ ማዕዘን አየሁ። ደረቅ ነው። መዝጊያው ተፈቶ በገመድ ጎኗ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ያለው ጠጠርም የወረደው ውኃ እስካሁን አርሶታል።